ጦርነት መሀል የተወለደው ሕፃን የማን ነው? የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ባለፈው ወር በሌላ ሴት ማህፀን ልጅ ስለማስወለድ ትንሽ ጽፌ ነበር። ሰላም ባለበት አገር እንኳ ወረቀቱ ጣጣ ነው ብዬ በአንድ መስመር አለፍኩት። እናንተ ግን አላለፋችሁትም። ከመጣው ደብዳቤ አብዛኛው የሚጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ ጦርነት ቢነሳስ?

ስድስቱን መርጬ፣ አሳጥሬ አቅርቤያለሁ። ስም አላወጣሁም። ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው። አርግዛ የምትወልደውን ሴት «ተተኪ እናት» እላታለሁ፣ ልጁ እንዲወለድላቸው የጠየቁትን ደግሞ «ጥንዶቹ»። «ማህፀን ማከራየት» የሚለው አነጋገር አይጥመኝም። ማህፀን ለብቻው ተነቅሎ አይከራይም። ሴትዮዋም አብራ አለች፤ ሳይረን ሲጮህ ደረጃውን በሆዷ እየወረደች ወደ ምድር ቤት የምትሮጠውም እሷ ናት።

ጥያቄ፦ እኔና ባለቤቴ ለ11 ዓመት ሞክረን አልሆነልንም። በመጨረሻ ይህ በሕግ በተፈቀደበት አገር ከአንዲት ሴት ጋር ተዋዋልን። ፅንሱ የኛው ነው። አሁን ሰባት ወሯ ነው፣ ያለችበት ከተማ ግን ከሦስት ሳምንት ወዲህ በየሌሊቱ ይደበደባል። ባለቤቴ «ድንበር ተሻግራ ጎረቤት አገር ትውለድ» ትላለች። ክሊኒኩ ደግሞ «በጭራሽ፣ እዚሁ ትውለድ» ይላል። ማንን እንስማ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ሁለቱም ልክ ናቸው። ጣጣውም እሱ ነው። ባለቤትህ የምታወራው ስለ ሕይወት ነው፣ ክሊኒኩ ስለ ወረቀት።

የልጅ እናት ማን እንደሆነች መጀመሪያ የሚናገረው ልጁ የተወለደበት አገር ሕግ ነው፣ ቀጥሎ ደግሞ እናንተ ልጁን ይዛችሁ የምትገቡበት አገር ሕግ። ዩክሬንን እንውሰድ፣ ለዚህ ጉዳይ ከሷ የቀረበ ምሳሌ የለም። የዩክሬን የቤተሰብ ሕግ አንቀጽ 123 የባልና ሚስት ፅንስ በሌላ ሴት ማህፀን ቢቀመጥ ወላጆቹ ባልና ሚስቱ ናቸው ይላል። ተተኪዋ እናት በኖተሪ የተረጋገጠ ፈቃዷን ትሰጣለች፣ የዘር ግንኙነቱን የሚያሳይ ማስረጃ ይያያዛል፣ የልደት ሰርተፍኬቱ በጥንዶቹ ስም ይወጣል። የሷ ስም ሰርተፍኬቱ ላይ የለም።

አሁን ይህችው ሴት፣ ሩሲያ ፌብሩዋሪ 24 ቀን 2022 ሙሉ ወረራ ስትከፍት ሻንጣዋን ይዛ ፖላንድ ገባች እንበል። በፖላንድ ሕግ እናት ማለት የወለደችው ሴት ናት። ባል ካላት ደግሞ አባት ተብሎ የሚገመተው ባሏ ነው። እንግዲህ ማታ አውቶቡስ ስትሳፈር የናንተ ሊሆን የነበረው ልጅ ጠዋት ስትወርድ የሷና የባሏ ሊሆን ነው። ማንም ውል አላፈረሰም፣ ማንም አልዋሸም፣ ልጁ እንኳ ገና አልተወለደም። የተቀየረው መሬቱ ብቻ ነው።

ከዚህ የባሰም አለ። በ2008 የእንግሊዝ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ያየው አንድ ጉዳይ ነበር፦ ጥንዶቹ እንግሊዛውያን፣ ተተኪዋ እናት ዩክሬናዊት፣ የተወለዱት መንታ። የዩክሬን ሕግ «ወላጆቹ እንግሊዛውያኑ ናቸው» አለ። የእንግሊዝ ሕግ «የለም፣ እናቲቱ የወለደችው ናት፣ አባትየውም ባሏ ነው» አለ። ሁለቱም ወደ ሌላው ጠቆሙ። መንታዎቹ ወላጅም አገርም የሌላቸው ሆነው መሀል ቀሩ፣ ዳኛውም የገለጻቸው በዚሁ አነጋገር ነበር። በመጨረሻ ዲኤንኤ ተሠርቶ የአባትየው ልጆች መሆናቸው ሲረጋገጥ እንግሊዝ ገቡ፣ ፍርድ ቤቱም የጥንዶቹን ወላጅነት አጸደቀ። ልብ በል፣ ያኔ ጥይት የሚተኩስ ሰው አልነበረም። ቀዳዳው ድሮም ነበረ፣ ጦርነት ሲመጣ ሕፃኑ የሚወድቀው በሱ ነው።

ታዲያ ማንን ትስማ? እኔ ብሆን ባለቤቴን። ወላጅነትን በኋላ ፍርድ ቤት ሄዶ ማስተካከል ይቻላል፣ ዓመት ይፈጅ ይሆናል፣ ገንዘብም ይበላል፣ ግን ይቻላል።

ደግሞ አንድ ነገር ልንገርህ፣ አትቀየመኝ። ደብዳቤህን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ባለቤትህ ምን እንዳለች አለ፣ ክሊኒኩ ምን እንዳለ አለ። ተተኪዋ እናት ራሷ ምን እንዳለች ግን የለም። መጀመሪያ እሷን ጠይቋት። ልጆች አሏት? እናቷ አብራት ናት? ባሏ ወጣት ወንድ ከሆነ ከአገር እንዲወጣ ይፈቀድለታል? በዩክሬን ጦርነቱ ሲጀመር ከ18 እስከ 60 ዓመት ያሉ ወንዶች፣ ጥቂቶች ሲቀሩ፣ እንዳይወጡ ተከልክለዋል። ስለዚህ «ትሻገር» ማለት ለሷ ባሏን ትታ መሄድ ሊሆን ይችላል።

እሺ ካለች ሳትሻገር በፊት በምትሄድበት አገር የቤተሰብ ጉዳይ የሚያውቅ ጠበቃ ያዙ። ጥያቄያችሁ አንድ ነው፦ «እዚህ ከወለደች አባትነቴን እንዴት አስመዘግባለሁ?» ያላገባች ከሆነች በብዙ አገር አባት ልጁን መቀበል ይችላል። ያገባች ከሆነች ግን መጀመሪያ የባሏን አባትነት የሚገምተውን ሕግ ማፍረስ ይኖርባችኋል፣ ለዚህ ደግሞ ዲኤንኤና ፍርድ ቤት ያስፈልጋል። አሁን የፈረመችው ፈቃድም በየቦታው አይሠራም። በእንግሊዝ ለምሳሌ ወላጅነቱ በፍርድ እንዲተላለፍ የምትሰጠው ፈቃድ ልጁ ስድስት ሳምንት ሳይሞላው ከተሰጠ አይቆጠርም። ለኤምባሲያችሁም ዛሬውኑ ጻፉ። ከልጁ ጋር ደጃፋቸው ላይ ስትቆሙ የመጀመሪያ ቀናችሁ አይሁን።

አንድ ማስጠንቀቂያ። አንዳንድ «ጉዳይ አስፈጻሚ» ተብዬ ሴትዮዋ በባለቤትህ ፓስፖርት ሆስፒታል ገብታ እንድትወልድ ይመክራል። ቀላል ይመስላል። ወንጀል ነው፣ ሲታወቅ ደግሞ ልጁን ከናንተ ለመውሰድ ጥሩ ምክንያት ለመንግሥት ትሰጣላችሁ።

ጥያቄ፦ አጭር ነው። የጦርነት ሕግ ሕፃናትን ይጠብቃል ይባላል። በዚህ መንገድ የተወለደውንም? ወይስ «እናንተ በገንዘብ ያመጣችሁት ነው» ብሎ ይለየዋል?

መልስ፦ አይለይም። በጦርነት ጊዜ ሰላማዊ ሰዎችን የሚጠብቀው የ1949ኙ አራተኛው የጄኔቫ ስምምነት ልጁ እንዴት ተፀነሰ ብሎ የሚጠይቅበት መስመር የለውም። ሆስፒታል አይመታም፣ ነፍሰ ጡር ልዩ ጥበቃ አላት፣ ከተከበበ ከተማ ሕፃናትና ወላዶች እንዲወጡ ተፋላሚዎቹ ለመስማማት መጣር አለባቸው። አንቀጽ 23 ደግሞ ከ15 ዓመት በታች ላሉ ልጆች የሚሆን አስፈላጊ ምግብና ልብስ እንዲያልፍ ያዛል። ይኸኛው ለነዚህ ሕፃናት ትልቅ ነገር ነው፣ ምክንያቱም አብዛኞቹ ጡት አይጠቡም። የዱቄት ወተት ከሌለ ምንም የለም።

እኔን ሁሌ የሚገርመኝ የጄኔቫ ስምምነቶች የ1977ቱ አንደኛ ተጨማሪ ፕሮቶኮል አንቀጽ 8 ነው። «ቁስለኞችና ሕመምተኞች» የሚለውን ሲተረጉም አዲስ የተወለዱ ሕፃናትንም ይጨምራል። 4 ኪሎ ሆኖ፣ ሰፈሩን በጩኸት እያናወጠ የተወለደ ጤነኛ ጨቅላ በዚህ ሕግ ዓይን እንደ ቁስለኛ ነው። ይከበራል፣ ይጠበቃል፣ ሕክምናው ያለ ልዩነት ይሰጠዋል። «የማን ነህ?» ተብሎ አይጠየቅም።

ሕጉ ተጻፈ ማለት ተከበረ ማለት እንዳልሆነ እናንተም ታውቃላችሁ፣ ዜና ታያላችሁ። ግን ጉድለቱ ከመተግበር ላይ ነው። በተተኪ እናት የተወለደ ልጅ የሚጎዳው ሌላ ቦታ ነው፦ ፍተሻ ጣቢያ ላይ፣ ኤምባሲ መስኮት ላይ፣ «የወላጅ ማስረጃ» ሲባል።

ጥያቄ፦ የምጽፈው ከሌላኛው ወገን ነው። የ6 ዓመት ወንድ ልጅ አለኝ፣ አሁን ደግሞ የሰው ልጅ አርግዤ አምስተኛ ወሬን ይዣለሁ። ውሌ ላይ «ያለ ክሊኒኩ ፈቃድ ከከተማው መውጣት ክልክል ነው» ይላል። ጦርነቱ እየተጠጋን ነው። አስተባባሪዋ ስደውልላት «ታገሺ» ብቻ ናት። ልጄን ይዤ ብወጣ የሰው ልጅ ሰርቃ ጠፋች ይሉኛል?

መልስ፦ እህቴ፣ ልጅሽን ያዢና ውጪ። ሌላውን መንገድ ላይ ሆነሽ ታነቢዋለሽ።

ወጣሽ? እሺ። ሰው ከየትኛውም አገር የመውጣት ነፃነት አለው፣ የዓለም አቀፉ የሲቪልና የፖለቲካ መብቶች ስምምነት አንቀጽ 12 ነው። ሰላም እያለ የተጻፈች የውል መስመር ሚሳይል ሲመጣ እዚያው ቁጭ በይ የምትልበት ጉልበት የላትም። የውል ሕግ ያለበት አገር ሁሉ «ከአቅም በላይ የሆነ ምክንያት» የሚባል ነገርን በአንድም በሌላም መልክ ያውቃል። ከጦርነት የበለጠ ምን ከአቅም በላይ ይመጣል? ቢበዛ ስለ ገንዘቡ ይከራከሩሽ ይሆናል።

«ሰረቀች» እንዳይሉሽ ግን አትጥፊ። ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው። ለክሊኒኩ በጽሑፍ ላኪ፣ በስልክ ብቻ አይበቃም፦ ዛሬ በዚህ ሰዓት ለደህንነቴ ስል ወጥቻለሁ፣ የምሄደው ወደዚህ ከተማ ነው፣ ስልኬ ይህ ነው። የጥንዶቹ አድራሻ ካለሽ ለነሱም በቀጥታ ላኪ። አስተባባሪዎች ይህን አይወዱም፣ አይውደዱ። የእርግዝና ክትትል ካርድሽን፣ የውሉን ቅጂና ፅንሱ የተቀመጠበትን ቀን የሚያሳይ ወረቀት ያዢ። ሁሉንም በስልክሽ አንሺና ለራስሽ ኢሜይል አድርጊ። ስልክ ይጠፋል፣ ወረቀት ይረጥባል።

ድንበር ከተሻገርሽ በብዙ አገር ሕግ እናቱ አንቺ እንደምትሆኚ ከላይ ተናግሬያለሁ። ይህ ሸክም ነው፣ ባልጠየቅሽው ልጅ ላይ ኃላፊነት ነው። ግን አቅምም ነው። ልጁ ቢታመም ሐኪም ቤት አስገብተሽ የምትፈርሚው፣ ክትባት የምታስከትቢው፣ ልደቱን የምታስመዘግቢው አንቺ ነሽ። ስለዚህ ጥንዶቹን አሁኑኑ ሁለት ነገር በጽሑፍ ጠይቂያቸው፦ የመውለጃውን ወጪ ማን ይከፍላል? መምጣት ባትችሉስ ልጁን ማን ይረከባል? መልስ ከሌላቸው እስኪያገኙ ነዝንዢያቸው። ባዶ ወረቀት ላይ ደግሞ በምንም ዓይነት አትፈርሚ።

በጎን አንድ ነገር ልጨምር። በ2015 ኔፓል ውስጥ ከባድ የመሬት መንቀጥቀጥ ሲደርስ እስራኤል ለዜጎቿ በተተኪ እናቶች የተወለዱትን ጨቅላዎች በአውሮፕላን አወጣች። ሴቶቹ እዚያው ቀሩ። ገና ያልወለዱም ነበሩባቸው። እስራኤል ውስጥም ብዙ ሰው ተቆጥቶ ነበር። ያኔ ያየሁት ነገር አሁንም ከዓይኔ አልጠፋም፦ ስለ ልጁ የሚያስብ ሁሉ ስለ ሴትዮዋ ያስባል ማለት አይደለም። ስለዚህ አንቺ ስለ ራስሽ አስቢ።

ጥያቄ፦ ነርስ ነኝ። ምድር ቤት ውስጥ 9 ጨቅላዎች አሉን። ጥንዶቹ ሌላ ሌላ አገር ናቸው፣ በረራ ስለቆመ አልመጡም። ተተኪዎቹ እናቶች ወልደው ወጥተዋል። ከተማው ቢከበብ ይዘናቸው መውጣት እንችላለን? «ማን ፈቀደልሽ?» ብባልስ?

መልስ፦ እጅሽን ይባርከው። በ2022 ኪየቭ ውስጥ እንዳንቺ ያሉ ነርሶች ወደ 20 የሚጠጉ ጨቅላዎችን ይዘው ቤታቸውን ትተው ምድር ቤት ከርመዋል። ከሁለት ዓመት በፊትም፣ ኮሮና ድንበር ሲዘጋ፣ በዚያችው ከተማ አንድ ሆቴል ውስጥ ከ40 በላይ ሕፃናት አልጋ ተደርድሮላቸው ወላጅ ሲጠብቁ ዓለም በቪዲዮ አይቷል። ያ ቪዲዮ ለሁሉም ማስጠንቀቂያ መሆን ነበረበት። አልሆነም።

ወደ ጥያቄሽ። አብዝተው የሚጠቅሱልሽ የአንደኛው ተጨማሪ ፕሮቶኮል አንቀጽ 78 ነው። ተፋላሚ ወገን ዜጎቹ ያልሆኑ ልጆችን ወደ ሌላ አገር አያውጣ ይላል፣ በጤና፣ በሕክምና ወይም በደህንነት ምክንያት ለጊዜው ካልሆነ በቀር። ዓላማው ልጆች በ«እናድናችሁ» ሰበብ እንዳይወሰዱ ነው፣ ጥሩ ዓላማ። ምፀቱ ግን ታየሽ? ያንቺ ዘጠኝ ሕፃናት ምናልባት ያለሽበት አገር ዜጎች አይደሉም፣ የጥንዶቹ አገርም ገና አላወቃቸውም፣ ስለዚህ ጥንቃቄው በነሱ ላይ ይጠብቃል።

መውጫው ፈቃድ ነው። አንቀጹ የወላጆችን ወይም የሕጋዊ አሳዳሪዎችን የጽሑፍ ፈቃድ ይጠይቃል። እነሱ ካልተገኙ በሕግ ወይም በልማድ ልጁን በዋናነት የሚንከባከበው ሰው ፈቃድ ያስፈልጋል። ስለዚህ የስልክ መስመር እያለ ዛሬውኑ ከዘጠኙም ጥንዶች ፈቃድ ሰብስቢ፦ የልጁ ስም፣ የተወለደበት ቀን፣ «ይህች ነርስ ለደህንነቱ ወደዚህ ቦታ እንድትወስደው ፈቅደናል»፣ ፊርማ፣ የፓስፖርት ቅጂ። በነሱ ቋንቋና በአገሩ ቋንቋ ይሁን። ፍተሻ ላይ የቆመ ወታደር የሌላ አገር ቋንቋ አያነብም። የተተኪዎቹ እናቶች ፈቃድም ከተገኘ ያዢ፣ በየትኛው ድንበር የማን ፊርማ እንደሚሠራ ከአሁኑ አታውቂም። ከከተማው ከመውጣታችሁ በፊት ደግሞ ለሕፃናት ጥበቃ ባለሥልጣኑ አሳውቂ፣ ማኅተም ካገኘሽ እሰየው።

ቀጥሎ መታወቂያቸው። አራተኛው የጄኔቫ ስምምነት አንቀጽ 24 ከ12 ዓመት በታች ያሉ ልጆች ሁሉ መለያ እንዲደረግላቸው ይላል። አንቺ ከኔ የበለጠ ታውቂዋለሽ፦ የእጅ ማሰሪያው ላይ ያለው ቀለም ይለቃል፣ የጨቅላ እጅ ደግሞ ቶሎ ስለሚወፍር ማሰሪያው ይጠባል፣ ይቆረጣል፣ ሲታጠቡ ጠረጴዛ ላይ ይቀራል። ሁለት አድርጊላቸው፣ አንዱን በእጅ፣ አንዱን በእግር። ሁለቱን ባንድ ጊዜ አትፍቺ። ፎቶ በየሳምንቱ አንሺ፣ ምክንያቱም የሦስት ቀን ሕፃንና የአንድ ወር ሕፃን ፊት አንድ አይደለም። የልደት ምልክት ካለ እሱንም።

ለእያንዳንዱ ልጅ ደግሞ አንድ ካርድ ይዘጋጅ። አንቀጽ 78 ራሱ ዝርዝሩን ይሰጥሻል፦ ስም፣ ፆታ፣ የትውልድ ቦታና ቀን፣ የአባት ስም፣ የእናት ስም፣ ዜግነት፣ የደም ዓይነት፣ ልዩ ምልክት፣ ከአገር የወጣበት ቀንና ቦታ፣ ሌላም ሌላም። ካርዱ ከነፎቶው ወደ ዓለም አቀፉ ቀይ መስቀል ኮሚቴ የማዕከላዊ አፈላላጊ ኤጀንሲ ይላካል። «የእናት ስም» የሚለው መስመር ላይ ስትደርሺ እጅሽ ይቆማል። ፕሮቶኮሉን የጻፉት የ1977 ሰዎች እናት አንድ ናት ብለው ነው ባዶ ቦታውን የተዉት። ሁለቱንም ጻፊ፣ ማን ምን እንደሆነች ለይተሽ፦ የወለደች፣ ውሉን የገባች። የእንቁላል ለጋሽ ካለች «ለጋሽ አለች፣ መዝገቡ እዚህ ክሊኒክ ነው» በይ። አንዷን መርጦ ሌላዋን መደምሰስ ያንቺ ሥራ አይደለም፣ ልጁም አንድ ቀን ማንነቱን የማወቅ መብት አለው።

ጥያቄ፦ ጡረታ የወጣሁ መምህር ነኝ። ይቅርታ አድርጉልኝና ገንዘብ ያላቸው ሰዎች ከድሃ ሴት ልጅ ገዝተው ሲያበቁ ጦርነት ሲመጣ ደግሞ «አስወጡልን» ይላሉ። ይህን ማበረታታት አይሆንም ወይ?

መልስ፦ መምህር፣ ግማሹን እስማማለሁ። ብቻዎን አይደሉም። በተባበሩት መንግሥታት ስለ ሕፃናት ሽያጭ ትከታተል የነበረችው ልዩ ራፖርተር (መርማሪ) በ2018 ሪፖርቷ፣ በአንዳንድ አገሮች እንደሚሠራበት በክፍያ በተተኪ እናት ማስወለድ አብዛኛውን ጊዜ ከልጅ ሽያጭ የሚቆጠር ነው ብላለች። ጣሊያን በ2024 ዜጎቿ ውጭ አገር ሄደው ቢያደርጉት እንኳ ወንጀል አድርጋዋለች። እኔም ጦርነት ያንዣበበበት አገር ሄዶ አዲስ ውል የሚፈርም ሰው ሲያጋጥመኝ ደሜ ይፈላል።

ግን «አስወጡልን» የሚባለው ማን ነው? ሕፃኑ። እሱ ምን ገዛ? አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ እንደሚባለው ይሆናል። የሕፃናት መብቶች ኮንቬንሽን አንቀጽ 2 ልጅ በወላጆቹ ሁኔታ ወይም ሥራ ምክንያት እንዳይቀጣ ይላል። የአውሮፓ የሰብዓዊ መብቶች ፍርድ ቤትም መንግሥታት በተተኪ እናት ማስወለድን መከልከል አትችሉም አላለም። ያለው፣ ክልከላችሁን በልጁ ወረቀት ላይ አትወጡት ነው። በ2014 ፈረንሳይ አሜሪካ ከተወለዱት መንታዎች ጋር፣ በ2022 ደግሞ ዴንማርክ ዩክሬን ከተወለዱት ጋር በተያያዘ የተሸነፉት በዚህ ነው። በዴንማርኩ ጉዳይ ለተተኪዋ እናት ገንዘብ ተከፍሏል ተብሎ የምታሳድጋቸው ሚስት በጉዲፈቻ እንዳትወስዳቸው ተከልክላ ነበር። ፍርድ ቤቱ የሷ መብት አልተጣሰም፣ የተጣሰው የልጆቹ ነው አለ። ጥንዶቹን መቅጣት የሚፈልግ መንግሥት ይቅጣ፣ ሕፃኑ ግን ከምድር ቤቱ ይውጣ።

ጥያቄ፦ ልጄና ሚስቱ ሊፋቱ ነው። በተተኪ እናት የተወለደው የልጅ ልጄ ጦርነት ባለበት አገር ሦስት ሳምንቱ ነው። ምራቴ «እኔ አልፈልገውም» ብላለች። ልጄ ሥራና ቪዛ ይዞት ቀርቷል። እኔ አያቱ ሄጄ ላምጣው? ለአያት ይሰጡታል?

መልስ፦ እናቴ፣ የእርስዎን ደብዳቤ ሳነብ አንጀቴ ተላወሰ። ከዚህ ቀደም የሄደች አያት አለች። በ2008 ሕንድ ውስጥ ለጃፓን ጥንዶች አንዲት ሕፃን ተወለደች። ከመወለዷ በፊት ጥንዶቹ ተፋተዋል፣ ሴትዮዋ አልፈልግም ብላለች፣ የእንቁላል ለጋሿ ማንነቷ አይታወቅም። አባትየው ቪዛው ሲያበቃ ተመለሰ፣ የአባት እናት መጥታ ልጅቷን ያዘች። በዚያው ሰሞን በአካባቢው ፍንዳታዎች ነበሩና ሕፃኗ ወደ ሌላ ከተማ ተወሰደች። ጉዳዩ እስከ ሕንድ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሄደ። በመጨረሻ ፓስፖርት ሳይሆን የማንነት ወረቀት ተሰጣት፣ ዜግነትና የእናት ስም የሚለው ባዶ ሆኖ፣ ጃፓንም በሰብዓዊነት ቪዛ ሰጠቻት። ጁላይ ማብቂያ ላይ የተወለደች ልጅ አያቷ ታቅፋት የገባችው ኖቬምበር ላይ ነው።

ስለዚህ ይቻላል፣ ግን በባዶ እጅ አይሂዱ። ከልጅዎ የተረጋገጠ ውክልና ይያዙ፣ ሁለት ነገር በስም የተጠቀሰበት፦ ሕፃኑን እንዲረከቡና ከአገር ይዘው እንዲወጡ። ልጅዎ ዲኤንኤ ይስጥ፣ ከሕፃኑ የሚወሰደውም ናሙና በኤምባሲው በሚታወቅ ላቦራቶሪ ይሁን። ልደቱ መመዝገቡን ያረጋግጡ፣ ካልተመዘገበ መጀመሪያ እሱ። የምራትዎ እምቢታ ልጁን ያለ ልደት ምዝገባ አያስቀረውም፣ የሕፃናት መብቶች ኮንቬንሽን አንቀጽ 7 ወዲያው እንደተወለደ ይመዝገብ ነው የሚለው። ፓስፖርት እስኪደርስ ኤምባሲው ሊሴ ፓሴ (ጊዜያዊ የጉዞ ሰነድ) እንዲሰጥ ይጠይቁ። የየትም አገር ዜጋ አይደለም ካሏችሁ፣ ያለበት አገር የ1961ዱን አገር አልባነትን የመቀነስ ስምምነት ፈርሞ እንደሆነ ጠበቃው ይይ፣ እዚያ ተወልዶ ዜግነት ላጣ ልጅ በር ይከፍታል።

ግንባሩ ወደዚያ ከተማ እየሄደ ከሆነ ደግሞ ሕፃኑ ከዚያ ወደ ጸጥታ ያለበት ከተማ እንዲዛወር ክሊኒኩን ዛሬ ይጫኑት፣ እርስዎ እስኪደርሱ አይጠብቁ። ከተማው በሌላ ኃይል እጅ ከወደቀ በኋላ ሕጉ አለ፦ አራተኛው የጄኔቫ ስምምነት አንቀጽ 50 ያዢው ኃይል የልጆችን ማንነትና የወላጅ ምዝገባ እንዲያመቻች ያዛል፣ የልጅን ሕጋዊ ማንነት እንዲቀይር በፍጹም አይፈቅድለትም። ግን የዓለም አቀፉ የወንጀል ፍርድ ቤት ማርች 17 ቀን 2023 በሩሲያው ፕሬዚዳንት ቭላድሚር ፑቲንና በሕፃናት መብት ኮሚሽነሯ ማሪያ ልቮቫ ቤሎቫ ላይ የእስር ማዘዣ ያወጣው ልጆችን ከተያዘ ግዛት በሕገ ወጥ መንገድ ወስዳችኋል ብሎ ነው። ወላጁ በወረቀት ያልታወቀ ጨቅላ እዚያ መሀል ቢገባ ማን ብሎ ይፈልገዋል?

እና ትኬት ከመቁረጥዎ በፊት ለክሊኒኩ ይደውሉና ይህን ይጠይቁ፦ ሕፃኑ አሁን በየትኛው አድራሻ ነው፣ ማታ ማን አብሮት ያድራል፣ የልደት ምስክር ወረቀቱ ዋናው በማን እጅ ነው? ወረቀቱን በስልክ አንስተው ይላኩልዎት። ውክልናው ላይ የሚጻፈው የሕፃኑ ስም እዚያ ካለው ጋር በአንድ ፊደል እንኳ እንዳይለይ።